በአጥር የማይከለል ውኃ

በሮቤ ወይም በጎባ የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች የቧንቧ ውኃ በፈረቃ መጠበቅ ቢሰለቻቸው፣ ገንዘብ አዋጥተው በማሽን ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈሩ እንበል። ዓመት ሳይሞላ የማዶው ሰፈር ሰዎች «የግቢያችን ጉድጓድ ነጠፈ» ሲሉ አቤቱታ ያቀርባሉ። ባለ ጉድጓዶቹም በበኩላቸው «በገንዘባችን፣ በገዛ ግቢያችን ያወጣነው ነው» ይላሉ። ነገሩ ከከተማው ምክር ቤት ፊት ቢቀርብ ፍርዱ ለማን ይሁን? ጥያቄው የሕግ ባለሙያ ጉዳይ ይመስላል፤ እኛ ግን እኩሌታው የፊዚክስ ነው ባዮች ነን።

ሕጉን እናስቀድም። የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በአገሪቱ የሚገኝ ውኃ ሁሉ የሕዝቦችና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል፤ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ይልቅም ለቤት ውስጥ ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል። በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አይጠይቅም፤ በማሽን ለሚቆፈረው ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። እንግዲህ «የግቢያችን ነው» የሚለው ክርክር በሕግ ፊት ብዙ አያስኬድም። ተፈጥሮም አትደግፈውም።

በባሌ ስለ ከርሰ ምድር ውኃ ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ሶፍ ዑመር ይሄዳል። በዚያ የወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ዋሻ ውስጥ አቋርጦ ያልፋልና፣ ከየቤታችን ሥርም እንዲሁ ወንዝ የሚፈስ፣ ባለ ዕድሉም ቆፍሮ የሚያገኘው ይመስለናል። ሮቤና ጎባ የተቀመጡበት ምድር ግን በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ውኃው የሚገኘው በድንጋዩ ስንጥቆችና በተፈረካከሱት ንብርብሮች መካከል ሲሆን፣ ጉዞውም እጅግ ዝግ ያለ ነው።

ከዚህ ዝግመት የሚከተለውን ለመረዳት የስንዴ አገር ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። ጎተራ ከሥሩ ተከፍቶ ስንዴ ሲወጣ ላይኛው ገጽ በሙሉ እኩል ዝቅ አይልም፤ ከመውጫው ትክክል እየሰረጎደ የተገለበጠ የሞሶብ ክዳን ይመስላል። ፓምፕ በሚሠራበት ጉድጓድ ዙሪያ የውኃው ወለልም እንዲሁ ይሰረጉዳል። ፓምፑ በበረታና በቆየ ቁጥር ስርጉዱ እየሰፋ አጥሩን ያልፋል፤ ከጎረቤት ጉድጓድ ሥርም ሊደርስ ይችላል። «ሊደርስ ይችላል» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በሁለቱ ጉድጓዶች መካከል ውኃ የማያሳልፍ ጥቅጥቅ ያለ ንብርብር ካለ ጥልቁ ቢቀዳም ጥልቅ ያልሆነው ላይነካ ይችላል።

ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። ብዙ ሰው የሚገዛው ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ ውኃ የሚስብ ፓምፕ ነው። ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው ግን በእውነቱ የከባቢ አየር ግፊት ነው። ይህ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ውኃን 10 ሜትር ያህል ያነሣል። እኛም ውጭ አገር፣ ከባሕር ብዙ በማትርቅ ከተማ ስንማር ይህን ቁጥር የማይለወጥ ሕግ አድርገን ሸምድደነው ነበር። ሮቤ ግን ወደ 2,490 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ከፍተኛው ልክ 7.5 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በተግባር ከዚያም ያንሳል። የውኃው ወለል ከ6 ሜትር ወደ 8 ሜትር ሲወርድ ጉድጓዱ ውኃ እያለው ፓምፑ ያጓራል እንጂ አይሰጥም። ባለቤቱም «ደረቀ» ይላል። ባልዲ ቢሰድድ ግን ውኃ ያገኝ ነበር።

ምክር ቤቱ ሰዎቹ ለምን ጉድጓድ እንዳስቆፈሩ ሳይጠይቅ ጉድጓዱን ቢያሳሽግ ግን ቅር ይለናል። የሰፈር ጉድጓድ ወጪው የዋዛ አይደለም። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ከ100 ሜትር ጥልቀት ለማውጣት፣ የፓምፑ ብቃት ግማሽ ያህል ከሆነ፣ ከ0.5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ መብራት ሲጠፋም ውኃው አብሮ ይጠፋል። በአንጻሩ ጎባ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በ250 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። ከበላይዋም ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የሳነቴ አምባ አለ። ከዚያ አቅጣጫ በቧንቧ የሚወርድ ውኃ ፓምፕ አይፈልግም። እንዲያውም ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ የ250 ሜትር ከፍታ ልዩነት 24 አትሞስፌር ያህል ግፊት ስለሚፈጥር፣ በመንገዱ ላይ ግፊት የሚያስተነፍሱ ገንዳዎች ካልተሠሩ ተራውን የፕላስቲክ ቧንቧ ያፈነዳዋል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በፈረንሳይዋ ዲዦን ነዋሪዎች ከየግቢያቸው የተበከለ ጉድጓድ ይጠጡ በነበረበት ዘመን፣ መሐንዲሱ አንሪ ዳርሲ ከሮዝዋር ምንጭ 12.7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ያለ ፓምፕ ውኃ አወረደላቸው፤ ዘመኑም 1840 እ.ኤ.አ. ነበር። ውኃ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍበትን ፍጥነት የሚገልጸውን፣ ዛሬም በስሙ የሚጠራውን ሕግ ያሳተመውም ይኸው ሰው ነው፤ በ1856 እ.ኤ.አ.።

ወደ አቤቱታው እንመለስ። ምክር ቤቱ ከመወሰኑ በፊት የጥልቁ ጉድጓድ ፓምፕ ለሦስት ቀን እንዲቆም፣ ቀጥሎም ለሦስት ቀን እንዲሠራ ያዝዝ። በእነዚህ ቀናት ሁሉ በአቤት ባዮቹ ጉድጓድ ያለው የውኃ ወለል ጠዋትና ማታ ይለካ። ወለሉ ፓምፑ ሲቆም ከወጣ፣ ሲሠራ ከወረደ ግንኙነቱ ታወቀ፤ ያን ጊዜ ፓምፑ የሚሠራበት ሰዓት ይወሰን፣ ለማዶውም ሰፈር ከዚያው ጉድጓድ ቦኖ ይተከል። ወለሉ ካልተንቀሳቀሰ ግን ምክንያቱን በጠፋው የበልግ ዝናብ ዘንድ መፈለግ ይሻላል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ በየሜትሩ ቋጠሮ ያለበት ገመድና አንድ ድንጋይ ነው። ገመዱንም ከሳሽና ተከሳሽ አብረው ይያዙት፤ ቁጥሩን በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉት።