አረንጓዴ ሕንፃ፦ ማን ይከፍላል? ማን ይቆጥባል?



ባለፈው ሳምንት ከክፋር ጋኒም አንዲት እናት ደውለው፣ «ልጄ፣ ቤታችንን አፍርሰን አረንጓዴ ሕንፃ እንሠራለን ይሉናል። ግድግዳውን አረንጓዴ ሊቀቡት ነው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። አብረን ሳቅን። ቀጥለው ግን «ለመሆኑ ወጪው በማን ላይ ነው የሚወድቀው?» ሲሉ ሳቁ ቀረ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንጀምር።

አረንጓዴ ሕንፃ ምንድን ነው?

ሲሠራም ሆነ ሲኖሩበት ኤሌክትሪክ፣ ውሃና ቁሳቁስ የሚቆጥብ፣ ለነዋሪውም ጤና የሚስማማ ሕንፃ ነው። ግድግዳውና ጣሪያው ሙቀት እንዳያስገቡ መከላከያ ይደረግላቸዋል፤ መስኮቱ ድርብ መስታወት ይሆናል፤ አቅጣጫው ፀሐይና ነፋስ ታስበው ይወሰናል። በእስራኤል መለኪያው ቴኬን 5281 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ በፈቃደኝነት የሚሠራበት ነበር። ሕንፃው በነጥብ ይመዘናል፤ ከ100 ነጥብ 55 ካገኘ አንድ ኮከብ ይሰጠዋል፣ ከፍተኛው አምስት ኮከብ ነው። ፔታሕ ቲክቫ ያለችበት የ15 ከተሞች ፎሩም ቀደም ብሎ ተቀብሎት ነበር። ከማርች 2022 ጀምሮ ደግሞ ለአዳዲስ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በመላ አገሪቱ ግዴታ ሆኗል።

ቁጠባ ከሆነ ለምን ሕግ አስፈለገው?

በጎንደር ገጠር አባቶቻችን ጎጆ ሲቀልሱ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተው ግድግዳውን በወፍራሙ ይመርጉ፣ ጣሪያውን በሣር ይከድኑ ነበር። ቤቱ ቀን ቀዝቃዛ፣ ማታ ሙቅ ነበር። የሚሠራውም የሚኖርበትም አንድ ሰው ስለነበረ ማንም ማስገደድ አላስፈለገውም። ግድግዳውን ካሳሳ የሚበርደው ራሱ ነው።

እዚህ ግን ካብላኑ ሠርቶ፣ ሸጦ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። የማዝጋኑን ሂሳብ ለሃያና ሠላሳ ዓመት የምንከፍለው እኛ ነን። ገዢ ደግሞ የመግቢያውን እብነ በረድ ያያል እንጂ በግድግዳው ውስጥ ያለውን መከላከያ አያይም። በኪራይ ቤት ያለውም ችግር ይኸው ነው፤ ቤቱን የሚያድሰው ባለቤቱ፣ የመብራት ሂሳብ የሚከፍለው ተከራዩ ነው። አንዱ የሚያወጣውን ሌላው የሚቆጥበው ከሆነ፣ የሚያወጣው ሰው አይቸኩልም።

ለዚህ ጥሩ ምስክር በጣሪያችን ላይ ያለው ዱድ ሼሜሽ ነው። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ፣ በ1980፣ መንግሥት በአዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ላይ እንዲገጠም አስገደደ። ካብላኑ ገዝቶ ገጠመ፣ ነዋሪው በነፃ ታጠበ። ዛሬ በእስራኤል ከአሥር ቤት ስምንት ያህሉ በፀሐይ የሞቀ ውሃ ይጠቀማል።

ስሌቱ እንዴት ነው?

በ2003 ለካሊፎርኒያ በተሠራ ጥናት 33 አረንጓዴ ሕንፃዎች ተመርምረው ነበር፤ ቢሮዎችና ትምህርት ቤቶች ናቸው። የተጨመረው ወጪ በአማካይ 2 በመቶ እንኳ አልሞላም። ዋናው ነገር ከጅምሩ በንድፉ ማሰብ ነው። መስኮትን ወደ ነፋሱ ማዞር በወረቀት ላይ ምንም አያስወጣም፤ ግድግዳው ከቆመ በኋላ ግን አይቻልም።

የድሮ መምህር ነኝና ጠመኔ ላንሣ። ቁጥሮቹ ለማስላት ብቻ የያዝኳቸው ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን አስገቡበት። አንድ ቤት አረንጓዴ በመሆኑ ዋጋው በ20,000 ሼቄል ጨመረ እንበል። ይህን በመሽካንታ፣ በ5 በመቶ ወለድ፣ በ25 ዓመት ብንከፍለው በየወሩ 117 ሼቄል ይሆናል። ከመብራትና ከውሃ በወር 150 ሼቄል ከቆጠብን፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ 33 ሼቄል ይተርፈናል። ቁጠባው 80 ሼቄል ብቻ ከሆነ ግን በየወሩ 37 ሼቄል ከኪሳችን እንጨምራለን። ስለዚህ «አረንጓዴ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ስንት እንደሚቆጥብ መጠየቅ አለብን።

ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ

በፒኑይ ቢኑይ የግንባታውን ወጪ የሚሸፍነው ያዛሙ ነው፤ ገንዘቡንም ተጨማሪ ቤቶችን ሠርቶ በመሸጥ ያገኘዋል። የቤቱ ባለቤት በአሮጌው ምትክ አዲስ ቤት ይረከባል። ሸክሙ የሚመጣው ከገቡ በኋላ፣ በየወሩ ነው። አርኖና በስኩዌር ሜትር ስለሚሰላ ቤቱ ሲሰፋ ይጨምራል። ቫአድ ባይትም ከፍ ይላል፤ ብዙ አሳንሰር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የመግቢያ አዳራሽ አለና።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። የ1980ው ግዴታ ከ27 ሜትር በላይ የሆኑ ሕንፃዎችን አይነካም ነበር፤ የረጅም ሕንፃ ጣሪያ ለሁሉም አይበቃምና። ስለዚህ በአራት ፎቅ ቤት ዕድሜ ልካቸውን በፀሐይ ውሃ ያሞቁ እናት፣ ባለ ኮከብ ሕንፃ ታችኛው ፎቅ ገብተው ለሙቅ ውሃ ሊከፍሉ ይችላሉ። በጡረታ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

አንደኛ፣ ሕንፃው ስንት ኮከብ ነው? የእኔ ቤት በቴኬን 5282፣ ማለትም በኃይል አጠቃቀም ደረጃ፣ የትኛውን ፊደል ያገኛል?

ሁለተኛ፣ በእኔ ፎቅ ሙቅ ውሃ ከምን ይመጣል?

ሦስተኛ፣ ቫአድ ባይት በወር ስንት ይገመታል? ያዛሙስ ለስንት ዓመት ያግዛል?

አራተኛ፣ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኤሌክትሪክ ከተተከለ ገቢው የማን ነው? ለጋራ መብራትና ለአሳንሰሩ ቢውል የሁላችንም ክፍያ ይቀንሳል።

መልሱን በቃል አትቀበሉ። ጥያቄዎቹን ለነዋሪዎቹ ጠበቃ በጽሑፍ ስጡ፣ መልሱም ውሉ ውስጥ ይግባ። ዕብራይስጡ ለሚከብዳቸው ወላጆቻችን፣ ልጆች አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው።