የእንቅርት ቀዶ ሕክምናና የታይሮይድ ደም ሥሮች

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በእንፍራንዝና በአካባቢዋ፣ እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ሁሉ፣ እንቅርት የቆየ ችግር ነው፤ ዝናብና ጎርፍ አዮዲንን ከአፈር አጥበው ሲወስዱ በዚያ አፈር የሚበቅለው እህል ንጥረ ነገሩን ያጣል፣ የታይሮይድ ዕጢም ጉድለቱን ለማካካስ ሲል ያብጣል። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የጀመረ ትልቅ እንቅርት ይዘው ለቀዶ ሕክምና ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታሎች የሚሄዱ ሰዎች ዛሬም አሉ።

ታይሮይድ ከማንቁርት በታች፣ በአየር ቧንቧው ፊት፣ ክንፉን እንደ ዘረጋ ቢራቢሮ የተቀመጠ ዕጢ ሲሆን፣ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ብዙ ደም ይፈስበታል። መማሪያ መጻሕፍት እንደሚሥሉት በየጎኑ ሁለት ደም ቅዳዎች ይመግቡታል፤ የላይኛው ወደ ራስ ከሚወጣው ካሮቲድ ከተባለ ደም ቅዳ ውጨኛ ቅርንጫፍ፣ የታችኛው ደግሞ ወደ ክንድ ከሚሄደው ትልቅ ደም ቅዳ ቅርንጫፍ ይነሣል። የሰው አካል ግን ለሥዕሉ አይገዛም። የላይኛው፣ ካሮቲድ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ሊነሣ ይችላል፤ የታችኛው በአንዱ ጎን ጭራሽ ላይኖር ይችላል፤ ከመቶ ሰዎች ከ3 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ደግሞ ታይሮይዲያ ኢማ የተባለ ተጨማሪ ደም ቅዳ ከደረት ተነሥቶ በአየር ቧንቧው ፊት ይወጣል። ይህ ሳይታወቅ ከተቆረጠ ጫፉ ወደ ደረት ስለሚሸሸግ ደሙን ማቆም እጅግ ያስቸግራል።

ደም ሲፈስ የቀዶ ሐኪሙ እይታ ይጋረዳል፣ በጥድፊያ የሚይዘውም መቆንጠጫ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፤ ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው። የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በአንዱ ሰው ከታችኛው ደም ቅዳ ፊት፣ በሌላው ከኋላው፣ በሌላውም በቅርንጫፎቹ መካከል ያልፋል። በጥቂት ሰዎች ላይ ወደ ቀኝ ክንድ የሚሄደው ደም ቅዳ ያለቦታው ስለሚነሣ፣ የቀኙ ነርቭ ወደ ደረት ሳይወርድ በቀጥታ ወደ ማንቁርት ይገባል፣ ደም ሥር ተመስሎም ሊቆረጥ ይችላል። ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት አራቱ ትንንሽ የፓራታይሮይድ ዕጢዎችም ደማቸውን በአብዛኛው ከዚሁ ከታችኛው ደም ቅዳ ያገኛሉ፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም ግንዱን ከማሰር ይልቅ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ከዕጢው አጠገብ ያስራል።

አዮዲን ይጎድላት በነበረችው በተራራማዋ ስዊዘርላንድ የሠራው ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር በዚህ ዓይነት ትዕግሥት ደምን እየገታ፣ ብዙዎችን ይገድል የነበረውን የእንቅርት ቀዶ ሕክምና የሞት መጠን ከመቶ ከአንድ በታች አወረደ፤ በ1909 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

እንቅርት በቆየ ቁጥር ደም መልሶቹ ይለጠጣሉ፣ ግድግዳቸው ይሳሳል፣ ነርቮቹም ከቦታቸው ይገፋሉ። እብጠት በአንገቱ ላይ ያየ ሰው ሁሉ ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ ይመርመር።