ሼድ ወይስ መጋዘን? ከካሬው ዋጋ በፊት የሚታሰቡ ነገሮች

ለሥራው ቦታ የሚፈልግ ሰው ደላላውን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ካሬው ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቀድሞ ሲመጣ ግን ያሳስታል። ከቃሊቲና ከአቃቂ አንስቶ እስከ ገላንና ዱከም ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆሙት ሰፋፊ ባለቆርቆሮ ቤቶች ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ውስጣቸው ሲታይ ግን አንዱ ለማምረቻ፣ ሌላው ለማከማቻ የተሠራ ነው። ይህን ሳይለይ የተከራየ ሰው በካሬ ያተረፈውን ብር በትራንስፎርመር፣ በጫኝና አውራጅ ወይም በተበላሸ ዕቃ መልሶ ይከፍለዋል።

መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ዕቃው እዚያ ቤት ውስጥ ይለወጣል ወይስ ይቆያል? ቆዳው ጫማ፣ ጨርቁ ሸሚዝ፣ ዛላው የታሸገ በርበሬ ሆኖ የሚወጣ ከሆነ የሚፈለገው የማምረቻ ሼድ ነው። ዕቃው እንደገባ ተቀምጦ እንደገባ የሚወጣ ከሆነ መጋዘን ይበቃል። ሌላው ሁሉ ከዚህ መልስ ይከተላል።

ማምረቻ ከሁሉ በፊት ኃይል ይፈልጋል። ለአምፖልና ለኮምፒውተር የተገጠመ ባለአንድ ፌዝ ቆጣሪ ትልቅ ወፍጮ ወይም የፕላስቲክ ማቅለጫ አይሸከምም። እንዲህ ያሉ ማሽኖች በአብዛኛው የሚሠሩት በሦስት ፌዝ፣ በ380 ቮልት ነው። በአካባቢው ያለው ትራንስፎርመር ሞልቶ ከሆነ ደግሞ ከመካከለኛው መስመር፣ ለምሳሌ ከ15 ኪሎቮልቱ፣ የራስን ትራንስፎርመር ማስተከል ግድ ይሆናል። ይህ ገንዘብም ጊዜም ይበላል፤ ኪራዩ ግን ማሽኑ እስኪነሳ አይጠብቅም። ስለዚህ አከራዩን «መብራት አለው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የማሽኖቹን ኪሎዋት ደምሮ፣ ለቆጣሪው የተፈቀደውን የኃይል መጠን በሰነድ አይቶ፣ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ይዞ ቤቱን መመልከት ያስፈልጋል።

ከኃይል ቀጥሎ ውሃና ፍሳሽ ይመጣሉ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ ለሥራ የሚያውል ማጣሪያ ይዞ ነው የተገነባው። ሐይቅ ባለበት ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ሥራ ያለዚህ ማጣሪያ ሊታሰብ አይገባም። በኢንዱስትሪ ፓርክ ሼድ የሚከራይ ሰው ከቤቱ ጋር የተዘረጋ ኃይል፣ ውሃ፣ የፍሳሽ ማጣሪያና በአንድ ግቢ የሚሰጥ የመንግሥት አገልግሎት አብሮ ይከራያል። ቆዳ ለሚያለፋ ወይም ጨርቅ ለሚያቀልም ይህ ለብቻው ቢሠራው የማይችለው ነገር ነው። ካርቶን ብቻ ለሚደረድር ነጋዴ ግን ለማይጠቀምበት ነገር መክፈል ይሆንበታል። ከፓርክ ውጭ የሚያመርት ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ (ቁጥር 299/1995) ሥራውን ይመለከተው እንደሆነ ማሽን ከመግዛቱ በፊት ያጣራ።

የመጋዘን ሒሳብ ሌላ ነው። ኪራዩ በካሬ ይከፈላል፤ ዕቃው የሚቀመጠው ግን በቁመትም ጭምር ነው። 500 ካሬ ስፋት ያላቸው ሁለት ቤቶች አሉ እንበል፤ በሁለቱም ግማሹ ወለል ለመተላለፊያ ይቀራል። በመጀመሪያው ዕቃው እስከ 2 ሜትር ቢደረደር 500 ኪዩቢክ ሜትር ይይዛል። በሁለተኛው ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ በመደርደሪያ እስከ 5 ሜትር ቢወጣ 1,250 ይሆናል። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ 67 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ አንደኛው ቤት የ7 ኮንቴይነር፣ ሁለተኛው የ18 ኮንቴይነር ዕቃ ይችላል። የሁለተኛው ኪራይ እጥፍ ቢሆን እንኳ ለአንድ ኮንቴይነር የሚደርሰው ኪራይ ያንሳል። የመደርደሪያውና የፎርክሊፍቱ ወጪ፣ የወለሉም ጥንካሬ እዚህ ላይ ይታሰባል፤ ስስ ሲሚንቶ ከረጅም መደርደሪያ ሥር ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ መኪናው ነው። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ጭኖ የመጣ ከባድ መኪና ግቢው ውስጥ መዞር ካልቻለ ዕቃው መንገድ ላይ ይራገፋል፣ በትንንሽ መኪና ይመላለሳል፣ ለእያንዳንዱ ዙር ይከፈላል። ስለዚህ የበሩን ስፋት፣ የመግቢያውን መንገድና ለከባድ መኪና የተፈቀደውን ሰዓት ማወቅ ከካሬው ዋጋ አያንስም። ቤቱንም በክረምት፣ ዝናብ በሚወርድበት ቀን ማየት ይመረጣል። ሲሚንቶ እርጥበት ካገኘው ይጋግራል፤ ቡና ከእርጥበቱ ሌላ የጎረቤቱን ሽታ ይስባል። ቡናና ሳሙና በአንድ ጣሪያ ሥር መዋል የለባቸውም።

በእኛ አገር ግን ብዙው አምራች ከሁለቱ በአንዱ ብቻ አይመደብም። የውጭ ምንዛሪ ሲገኝ ጥሬ ዕቃ በብዛት ይገዛል፤ ነገ ስለመገኘቱ ዋስትና የለምና። ጥሬ ዕቃው ሼዱን ይሞላዋል፤ ማሽኖቹ ጥግ ይይዛሉ፤ ሠራተኞቹ መተላለፊያ ያጣሉ። ከፍተኛ ኃይል የተዘረጋለት ውድ ወለል የጆንያ ማስቀመጫ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ሥራ ኃይል ያለው አነስተኛ ሼድና በአቅራቢያው ያለ ቀለል ያለ መጋዘን ለይቶ መከራየት ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ማመላለሻው የኪራይ ልዩነቱን እንዳይበላው ግን አስቀድሞ ይሰላ። በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የድሬዳዋ ነፃ ንግድ ቀጣና ማምረቻንና ማከማቻን በጅቡቲው የባቡር መስመር አቅራቢያ በአንድ ስፍራ ለማገናኘት የታሰበ ነው። ሐሳቡ ለትንሹ አምራችም ይሠራል፦ ዕቃው የሚለወጥበትና የሚቆይበት ቦታ ይቀራረቡ፤ የአንዱ ዋጋ ለሌላው አይከፈል።

ውሉም እንደ ሥራው ይለያያል። መጋዘን የተከራየ ሰው ዕቃውን ጭኖ ሊወጣ ይችላል። ማሽን መሠረት ላይ የተከለ፣ ትራንስፎርመር ያስገባ አምራች ግን በቀላሉ አይነቀልም፤ በዓመቱ መጨረሻ ኪራዩ ሲጨምር የመደራደር አቅሙ ደካማ ነው። ስለዚህ ለአምራች የአንድ ዓመት ውል አደጋ ነው። የኪራይ ጭማሪው መጠን፣ የማራዘም መብቱና ተከራዩ ያስገባው ንብረት በመጨረሻ የማን እንደሚሆን በጽሑፍ መስፈር አለበት።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያስረው ሒሳብ ለማንም አይከብድም። የወሩን ኪራይ፣ የኃይሉን፣ የማመላለሻውን፣ የጫኝና አውራጁን፣ የጥበቃውንና የሚበላሸውን ዕቃ ዋጋ ደምሮ በወር ለሚመረተው ወይም ለሚወጣው ካርቶን ማካፈል ነው። ሁለት ቤቶች በዚህ ሒሳብ ጎን ለጎን ሲቀመጡ በካሬ ርካሽ የነበረው በካርቶን ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የቤተሰብ ጥሪትና የባንክ ብድር ይዞ ሥራ የሚጀምር ወጣት ሁለተኛ ዕድል አያገኝ ይሆናል፤ ይህን ሒሳብ ቁልፍ ከመረከቡ በፊት ይሥራው።