ክፍተት፦ በምንና በምን መካከል?



በስብሰባም ሆነ በሪፖርት አዘውትረን ከምንጠቀምባቸው ቃላት አንዱ «ክፍተት» ነው። ቃሉ «ከፈተ» ከሚለው ግሥ የመጣ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ በሁለት ነገሮች መካከል ያለ ክፍት ቦታ ማለት ነው። በበሩና በመቃኑ መካከል ነፋስ የሚገባበት ክፍተት ነው።

ዛሬ ግን ቃሉ ከበርና ከግድግዳ አልፎ ሄዷል። «የሕግ ክፍተት» ሕጉ ያልሸፈነው ጉዳይ ነው። «የበጀት ክፍተት» በገቢና በወጪ መካከል ያለ ልዩነት ነው። «የትውልድ ክፍተት» በወላጅና በልጅ አስተሳሰብ መካከል ያለ ርቀት ነው። ትልቅ ሰው ሲያርፍም «የማይሞላ ክፍተት ትቶ አለፈ» እንላለን። በግምገማ ላይ ደግሞ ቀድሞ «ድክመት» ወይም «ጉድለት» ይባል የነበረው አሁን ለስለስ ብሎ «ክፍተት» ይባላል።

ክፍተት ሁሉ ግን ጉድለት አይደለም። አማርኛ ይህን ስለሚያውቅ የተለያዩ ቃላት አሉት፤ ለግድግዳ ስንጥቅ፣ ለባልዲ ቀዳዳ፣ በሥራ መካከል ለምናገኘው ትንፋሽ ፋታ ይላል። በፊት ጥርሶች መካከል ያለውን ደግሞ ፍንጭት ብሎ እንደ ውበት ያደንቀዋል። እዚህ ናይሮቢ ልጆቻችን በየዕለቱ የሚሰሙት ስዋሂሊም እንዲሁ ይለያል፤ ጥርስ ወልቆ የቀረው ባዶ ቦታ «ፔንጎ» ሲሆን፣ የተፈጥሮ ፍንጭት «ምዋንያ» ነው። ምዋንያ «ዕድል» የሚል ትርጉምም አለው።

በጽሑፋችንም ክፍተት ሥራ አለው። በጥንት የብራና መጻሕፍት ቃልና ቃል የሚለየው በሁለት ነጥብ (፡) ነበር። ዛሬ በአብዛኛው ባዶ ቦታ ተክቶታል። ባዶ ስለሆነ ግን ትርጉም የለውም ማለት አይደለም። «አባትና ልጅ» ብላችሁ ስትጽፉ ሁለት ሰዎችን ታያይዛላችሁ፤ «አባት ና ልጅ» ካላችሁ ግን አባትን «ና!» ብላችሁ ጠራችሁ። «ባልጠፋ ቀን» እና «ባል ጠፋ ቀን» ምን ያህል እንደሚራራቁ ለወላጆች ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት በውጤት ካርድ ምክንያት ነው። አንዲት ተማሪ ከሌላ ትምህርት ቤት ወደ እኛ ስትዛወር ይዛ የመጣችው ካርድ «በሂሳብ ክፍተት አለባት» ይላል። መምህሯ ጥያቄዎቹን በአማርኛ ሲያነብላት አብዛኞቹን ሠራቻቸው። ክፍተቱ በእሷና በሂሳብ መካከል አልነበረም፤ በምታውቀው ሂሳብና ጥያቄው በተጻፈበት እንግሊዝኛ መካከል ነበር። መድኃኒቱም የተለየ ነው። ተጨማሪ የማባዛት ልምምድ ብንሰጣት ኖሮ ጊዜዋን ከማባከን በቀር የምንፈይድላት ነገር አልነበረም። ከዚያም በላይ ልጅቷ ራሷ «እኔ ሂሳብ አይገባኝም» ብላ አምና ነበር የመጣችው።

ስለዚህ ከመምህራን ጋር በአንድ ነገር ተስማምተናል። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ በካርድ ላይ «ክፍተት» የሚል ቃል ብቻውን አይጻፍም። በምንና በምን መካከል እንደሆነ፣ ማን ምን ሊያደርግ እንደሚችልም አብሮ ይጻፋል። ለምሳሌ «ፊደሉን ታነባለች፤ ያነበበችውን በራሷ ቃል መናገር ይቀራታል። ማታ ማታ አንድ ገጽ አንብባ ትንገራችሁ» የሚል ዓይነት።

ወላጆችም «ልጃችሁ ክፍተት አለበት» ስትባሉ አንገታችሁን ደፍታችሁ አትመለሱ። «በምንና በምን መካከል?» ብላችሁ ጠይቁ። ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተም ጠይቁ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ነውና የታወቀ ክፍተት ቶሎ ይጠበባል።

መልካም የዕረፍት ጊዜ!

ርዕሰ መምህር