«ድሃ ለድብርት ጊዜ የለውም»

ይህን አባባል ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ አንዳንዴም ነጭ ጋዋን ከለበሰ ባለሙያ አፍ ሰምቼዋለሁ። ድሃውን የሚያከብር ይመስላል፤ ችግር የለመደ ጠንካራ ነው እንደማለት። ውጤቱ ግን ጭካኔ ነው። በየሰው ቤት ልብስ አጥባ ኪራይ የምትከፍል እናት እንቅልፍ ሲነሳት፣ ምግብ ሲዘጋት፣ ከአልጋዋ ለመነሳት አቅም ስታጣ «ሰነፈች» ትባላለች። ውሎ አድሮ ራሷም ታምነዋለች።

አባባሉ ከባዶ አልመጣም። የግል ክሊኒክ ሄዶ «ድብርት ይዞኛል» የሚለው በአብዛኛው መክፈል የሚችለው ነው። ሀገር ከሀገር ባነጻጸሩ አንዳንድ ጥናቶችም በሀብታም ሀገሮች ቁጥሩ ከፍ ብሎ ታይቷል። አንድ ሀገር ውስጥ ገብተን ስናይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ2020 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ የጥናቶች ቅኝት እንደሚያሳየው፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች በድብርት ወይም በጭንቀት ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከሀብታሞቹ ከ1.5 እስከ 3 እጥፍ ይበልጣል።

ለምን ቢሉ፣ የነገው እንጀራ ከየት እንደሚመጣ አለማወቅ፣ ዕዳ፣ «ቤቱን ልቀቁ» መባል፣ በሰው ፊት መዋረድ በየቀኑ ሲደራረቡ አእምሮ አይለምዳቸውም፤ ይታመማል። ሕመሙ በተራው ድህነቱን ያባብሳል። የቀን ሠራተኛ ሦስት ቀን ከቀረ የሦስት ቀን ገቢው ቀረ፤ ከዚያ ብድር፣ ከብድሩ ሌላ ጭንቀት። ሴቶች ላይ ደግሞ ይከፋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ድብርት ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በ50 በመቶ ገደማ ይበዛል።

ታዲያ የድሃው ሕመም ለምን አይታይም? ጤና ጣቢያ የሚደርሰው በሌላ ስም ስለሆነ ነው። «ራሴን ይፈልጠኛል»፣ «ጨጓራዬን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ይመታል»። ያቺ እናት ማስታገሻ ይሰጣታል፣ ትመለሳለች፣ ደግማ ትመጣለች። ስሙን ያልጠራነውን ሕመም ድሃ ጋ የለም ማለት ያናድዳል።

«የእምነት ማነስ ነው» የሚሉም አሉ። ጸሎትና ጠበል ያጽናናሉ፤ ለዚያ ሲባል መድኃኒት የሚያስጥል ግን ሰው ይጎዳል። «መድኃኒቱ ሱስ ያስይዛል» ለሚለውም፣ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉት የድብርት መድኃኒቶች ሱስ አያስይዙም፤ ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቋረጥ ግን አይገባም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የሚያላምደው ዲያዜፓም ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው።

«ችግሩ ሳይፈታ ሕክምና ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው። ኪራዩን ሐኪም አይከፍልም፤ እውነት ነው። ነገር ግን በዚምባብዌ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ ያስጀመሩትን ሥራ እንመልከት። በሐራሬ ጤና ጣቢያዎች ግቢ አግዳሚ ወንበር ተዘጋጀ፤ የሠለጠኑ የሰፈር እናቶች ታማሚውን እያዳመጡ አንዱን ችግር መርጦ መፍትሔ እንዲፈልግ ያግዙታል። ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ከስድስት ወር በኋላ በዚህ መንገድ የታገዙት ሰዎች የሕመም ምልክት የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት በእጅጉ ቀንሶ ነበር። ኪራዩ ያው ነው፤ ሰዎቹ ግን ችግራቸውን የሚጋፈጡበት አቅም አግኝተዋል።

እኛም በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። ራስ ምታት እየተመላለሰባት የመጣችን ሴት ሁለት ነገር መጠየቅ ይቻላል፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሆድ እየባሰሽ ተስፋ ቆርጠሽ ነበር ወይ? ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ሁሉ አስጠልቶሽ ነበር ወይ? መልሷ አዎ ከሆነ ወደ ባለሙያ ትላክ፤ ሞትን የምትመኝ ከሆነ በዚያው ዕለት፣ ብቻዋን ሳትተው።