መፈክር ከምን ይወለዳል?

የክበብ መሪ የሆነ ተማሪ ጓደኞቹን የሚያስተባብር መፈክር አጥቶ ሲጨነቅ እናያለን። የሚቸግረው ግን ቃል ሳይሆን ፍላጎትን ለይቶ ማወቅ ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ሲሉ የጭሰኛውን ጥያቄ በሁለት ቃል ገለጡት፤ የመሬት አዋጁ የታወጀው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967 ነው። ከመተማ ማዶ በምትገኘው ገዳሪፍም የኑሮ ውድነት ያስመረረው ሕዝብ በታኅሣሥ 2011 አደባባይ ወጣ፤ ሰዎችም ተገደሉ። ያን ጊዜ በሱዳን ከተሞች የተስተጋባው «ተስጉት በስ»፣ ማለትም «ይውደቅ፣ በቃ»፣ እንዲሁ ሁለት ቃል ነበር። አል በሽር በሚያዝያ 2011 ከሥልጣን ተወገዱ።

መፈክር ሰውን ለአደጋም ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ተማሪው «ምን እንበል?» ከማለቱ በፊት «ምን እንፈልጋለን?» ብሎ ጓደኞቹን እንዲጠይቅ እናስተምረው።