የተጓዡ አጥቂ ጎዳና
ሸቀጡን ጭኖ አገር ለአገር የሚዞር ነጋዴ በማይጠፋበት በመሳለሚያ ሰፈር፣ ከክለብ ወደ ክለብ የሚሻገር የኳስ ተጫዋች ኑሮ እንግዳ ነገር አይሆንም። ኢትዮጵያዊው አጥቂ ሳላዲን ሰይድ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ወደ ግብፁ ዋዲ ደግላ፣ በውሰትም ወደ ቤልጅጉ ሊየርስ፣ ቀጥሎ ወደ አል አህሊና ወደ አልጄሪያው ሙሉዲያ ተሻግሮ፣ ኋላም ወደ ቀድሞ ቤቱ ተመለሰ። እኔ ግን አብዝቼ የማስበው ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.ን ነው፤ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቅታ በኔልስፕሩት ከዛምቢያ ጋር በተጋጠመችበት በዚያ ዕለት፣ ሳላዲን የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት በረኛው ኬኔዲ ምዊኔ አዳነበት፤ ኋላ አዳነ ግርማ አግብቶ ጨዋታው 1 ለ 1 ተፈጸመ። በዚያች ምት ብቻ እርሱን መኰነን ግፍ ይመስለኛል፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በማጣሪያው ሱዳን በአዲስ አበባ 2 ለ 0 ስትረታ፣ ከሁለቱ ጎሎች አንዱን ያገባ እርሱ ነበርና።